የአሮጌው ኮርስ ምስክሮች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሚላን ዳርቻ በሚቆም የእሁድ ገበያ አንድ ቀይ ኮርስ ብስክሌት ገዛሁ። ሻጩ ብዙ አላወራም። ከኮርቻው ሥር ባለው ቱቦ ላይ ወደተለጠፈች ትንሽ ስቲከር ጣቱን ቀሰረና ዝም አለ። ስቲከሯ ላይ እርግብ አለች፤ «ኮሎምቡስ» የሚል ጽሑፍም አለ። ኮሎምቡስ በ1919 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንጄሎ ሉዊጂ ኮሎምቦ ሚላን ውስጥ ያቋቋመው የብረት ቱቦ ፋብሪካ ነው። ኮሎምቦ በጣሊያንኛ እርግብ ማለት ነውና እርግቧ የቤተሰቡ ስም ናት። ኤስ ኤል የሚባለው የዚህ ፋብሪካ ቱቦ ለረጅም ዘመን የጣሊያን ምርጥ የውድድር ብስክሌቶች አጥንት ሆኖ ኖሯል። ስቲከሯ የምትለውም ኤስ ኤል ነበር። ከፈልኩና ይዤው ሄድኩ።

ቤት ገብቼ የኮርቻውን ዘንግ ሳወጣ ዘንጉ ላይ የተመታው ቁጥር 26.4 ነው። ኤስ ኤል ቱቦ የሚቀበለው ዘንግ 27.2 ሚሊሜትር ነው። የቱቦው የውጭ ስፋት ያው ስለሆነ፣ ግድግዳው በወፈረ ቁጥር የውስጡ ቀዳዳ ይጠባል፤ ጠባብ ቀዳዳ ማለት ወፍራምና ርካሽ ቱቦ ማለት ነው። እርግቧ ከሌላ ቦታ በርራ የመጣች ነበረች።

ስለ አሮጌ የጣሊያን ኮርስ ዋጋ ሰዎች ሲጠይቁኝ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ሁልጊዜ «ማርካው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ያ ቀይ ብስክሌት ካስተማረኝ በኋላ ግን ነገሩን የማየው እንደ ችሎት ነው። ማርካው አንድ ምስክር ነው፤ ያውም በቀላሉ በሐሰት የሚቆም ምስክር። ብረቱ፣ የማርሹ መቀየሪያ፣ ሞዞው (የጎማው እምብርት)፣ ቀለሙ፣ ብሎኖቹ ሳይቀሩ ለየብቻ ተጠይቀው ቃላቸው ከተስማማ ብስክሌቱ ዋጋ አለው። ካልተስማማ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን ገዥ የሚከፍለው ለቀለም ብቻ ነው።

ይህን ስል ስም ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ በዚህ ገበያ ደግሞ በዩሮ ይቆጠራል። ከላይ የሚቀመጡት ስሞች ጥቂት ናቸው። በ1954 ካምቢያጎ በምትባል ከተማ ሥራ የጀመረው ኤርኔስቶ ኮልናጎ፣ ከ1953 ጀምሮ ሚላን አካባቢ የሠራውና በ2023 ያረፈው ኡጎ ዴ ሮዛ፣ ተወዳዳሪ የነበረውና በኋላ ወደ ሥራው የገባው ቺኖ ቺኔሊ፣ ሚላን ውስጥ በቪጎሬሊ የብስክሌት መወዳደሪያ ሥር ወርክሾፕ የነበረው ፋሊዬሮ ማዚ። የማዚን ስም ያነሳ ሻጭ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ሥራው በ1970ዎቹ ወደ ካሊፎርኒያም ስለተሻገረ ገዥው «የሚላኑ ነው የአሜሪካው?» ማለቱ አይቀርም። ከ1885 ጀምሮ ያለው ቢያንኪና ተወዳዳሪው ጂኖ ባርታሊ የነዳው ሌኛኖ ደግሞ ለየት ይላሉ። ሁለቱም ከውድድር ብስክሌት ጎን ለሠራተኛውና ለተማሪው ብዙ ተራ ብስክሌት አምርተዋል። ስለዚህ ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ያለው ቢያንኪ ሁሉ የታላቁ ተወዳዳሪ የፋውስቶ ኮፒ ብስክሌት ዘመድ አይደለም፤ አብዛኛው የፖስተኛ ብስክሌት የአጎት ልጅ ነው።

ስምን የሚያገዝፈው ታሪክ ነው። የኮልናጎ ምልክት፣ ያ ባለ ሦስት ቅጠል የካርታ አስ፣ የመጣው ሚኬሌ ዳንቼሊ በኮልናጎ ብስክሌት በ1970 የሚላን–ሳንሬሞን ውድድር ካሸነፈ በኋላ ነው። ኤዲ መርክስ በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎሜትር ሲጋልብ የነዳው 5.75 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት የተሠራው በኮልናጎ እጅ ነበር። ያ ብስክሌት ዛሬ ብራሰልስ ውስጥ በመርክስ ስም በተሰየመው የምድር ባቡር ጣቢያ በመስታወት ውስጥ ቆሟል። ኩባንያው በ2020 አብላጫ ድርሻው ለአቡ ዳቢ ባለሀብቶች ተሸጧል፤ በዚያው ዓመት ታዴይ ፖጋቻር በኮልናጎ ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። የዛሬ ወጣት ያንን አይቶ የ40 ዓመት ብረት ፍለጋ ይወጣል። አሮጌ ዕቃ በአዲስ ዜና ሲወደድ እንዲህ ነው።

ታሪክ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። «ይህን እገሌ ነድቶታል» የሚል ሻጭ ፎቶግራፍ፣ የቆየ ደረሰኝ ወይም ደብዳቤ ከሌለው ቃሉ ከወሬ አያልፍም። ባርታሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለተሰደዱ አይሁዶች የሚሆን ሐሰተኛ መታወቂያ በብስክሌቱ ቱቦ ውስጥ ሸሽጎ ያደርስ እንደነበር ይነገርለታል፤ ኢየሩሳሌም ያለው የሆሎኮስት መታሰቢያ ያድ ቫሼም በ2013 ከጻድቃን ቆጥሮታል። ከዚያ ወዲህ «ያኛው ዓይነት» የሚል ማስታወቂያ ያለው ሌኛኖ ስንቱን አይቻለሁ! ዓይነቱ ያው ሊሆን ይችላል፤ ብስክሌቱ ግን ሌላ ነው።

የፍሬሙ ቁጥርስ? መኪና የለመደ ሰው ቁጥር ሲያይ ፋይል ያለ ይመስለዋል። በብዙ የጣሊያን ወርክሾፖች ሥራ ላይ ከኮርቻው ሥር ወይም ከፔዳሉ ማዕከል ሥር የተመታው 56 ወይም 57 ልኩ እንጂ መለያው አይደለም። በዚያ ላይ በታላላቅ ተወዳዳሪዎች ስም የተሸጡ ብዙ ፍሬሞች የተበየዱት ስማቸው የትም ባልተጻፈ የሎምባርዲያና የቬኔቶ ባለሙያዎች ነው። ለእኔ ይህ ጉድለት አይደለም፤ ከእነዚህ ስም የለሾች አንዳንዶቹ ከታወቁት በላይ ንጹሕ ብየዳ ይሠሩ ነበር። ገበያው ግን ለብየዳው ሳይሆን ለጽሑፉ ይከፍላል።

ወደ እውነተኞቹ ምስክሮች እንምጣ። የጣሊያን ኮርስን ዕድሜ የሚናገረው ከሁሉ በላይ ካምፓኞሎ ነው። ቱሊዮ ካምፓኞሎ ቪቼንሳ ላይ በ1933 ያቋቋመው ይህ ፋብሪካ ከጎማ መፍቻው እስከ ማርሹ ድረስ ከሞላ ጎደል የውድድሩን ዓለም ይዞት ነበር፤ ደግነቱ ዕቃው ላይ ዓመት መምታት ይወድ ነበር። ኑዎቮ ሪከርድና ሱፐር ሪከርድ በሚባሉት የኋላ ማርሽ መቀየሪያዎች ላይ «ፓተንት» ከሚለው ቃል ጎን 74፣ 78፣ 82 እያለ የሚሄድ ቁጥር አለ። ቃሉ ያሳስታል፤ ብዙ ሰው የፈጠራ መብቱ የተመዘገበበት ዓመት ይመስለዋል፤ ዕቃው የተመረተበትን ነው የሚናገረው። የጎማውን መፍቻ አውጥታችሁ ሞዞው ጫፍ ላይ ያለውን ዳዶ ብታዩ በብዙዎቹ ላይ «ካም» ተብሎ ሁለት አሃዝ ይከተላል። የፔዳሉ ክንድ ጀርባም በትንሽ ቅርፅ ውስጥ የተመታ አንድ አሃዝ ይኖረዋል።

እነዚህን ሦስቱን በባትሪ ብርሃን አንብቡና ጻፏቸው። መቀየሪያው 78፣ ሞዞው 77፣ ክንዱ 7 ካለ ደስ ይበላችሁ፤ የአንድና የሁለት ዓመት ልዩነት በወርክሾፕ መደርደሪያ ላይ የቆየ ዕቃ ወግ ነው። መቀየሪያው 84፣ ሞዞው 72 ካለ ግን በመካከል አንድ ሰው ገብቷል ማለት ነው። ያ ሰው የግድ አታላይ አይደለም። ውድድር ላይ ወድቆ የሰበረውን የተካ ወጣት ሊሆን ይችላል። የዘመኑ ሰው በዘመኑ የለወጠው ዕቃ ዋጋ አይገድልም፤ ትናንት ለሽያጭ ተብሎ የተገጠመው ነው የሚገድለው።

ፍሬሙ ደግሞ በራሱ ቋንቋ ዕድሜውን ይናገራል። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የማርሽና የፍሬን ሽቦ የሚይዙት ነገሮች በቀበቶ መልክ በቱቦው ላይ የሚታሠሩ ነበሩ፤ በኋላ በራሱ በብረቱ ላይ ይበየዱ ጀመር። የማርሹ ሽቦ ከፔዳሉ ማዕከል በላይ ካለፈ ቀደም ያለ ነው፤ ከሥሩ ካለፈ ወደ ሰማንያዎቹ ይጠጋል። የኋላ ጎማው የሚገባበት ቦታ ስፋትም ይቆጠራል፤ 120 ሚሊሜትር ለአምስት ማርሽ፣ 126 ለስድስትና ለሰባት። በ1972 ተሠራ የተባለ ፍሬም 130 ሆኖ ከተገኘ አንድ ሰው ጎትቶ ከፍቶታል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ብረቱ ጤነኛ መሆን አለበት። ብስክሌቱን ለማየት ስሄድ መጀመሪያ የማደርገው ጣቴን ከፊት አንገቱ ሥር፣ የታችኛው ቱቦ በሚጀምርበት ቦታ፣ ከታች በኩል ማሳለፍ ነው። ብስክሌቱ ግድግዳ ወይም መኪና ገጭቶ ከሆነ እዚያ ላይ ቀለሙ የሸፈነው ትንሽ ሞገድ ይሰማል። ዓይን ያልፈዋል፤ ጣት አያልፈውም። ቀጥሎ የኮርቻውን ዘንግና የመሪውን አንገት ማንቀሳቀስ ነው። አሉሚኒየምና ብረት በላብና በዝናብ ተጋብተው ለዓመታት ከተቀመጡ እንደ ብየዳ ይጣበቃሉ፤ ያንን ለማውጣት የሚፈጀው ጊዜና የሚደርሰው ጉዳት ከዋጋው ላይ ሩቡን ሊቆርጥ ይችላል። የፔዳሉ ክንድ ከጥርሱ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ ያ ክንድ ለመስታወት ሣጥን እንጂ ለመንገድ አይሆንም። በሱፐር ሪከርድ ላይ የነበረው የቲታኒየም ዘንግም ለክብደት ተብሎ የተደረገ ድፍረት ነበር፤ ተሰባሪነቱን ሰብሳቢዎች ስለሚያውቁ ይጠይቃሉ።

የመካኒክ ልጅ ሆኖ ላደገ አንባቢ ይህ ሁሉ ሩቅ አይመስለኝም። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ቸርኬ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያን ቋንቋ የቀሩልን ናቸው። ሚላን ውስጥ አንድ ሽማግሌ መካኒክ «ዳዶውን አቀብለኝ» ሲለኝ ሳልጠይቅ አቀበልኩት፤ ጣሊያንኛ የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። ጎሚስታ ቤት አልኩት።

አሁን ገበያውን ያናጋው ነገር ላይ ደርሰናል። በ1997 ጃንካርሎ ብሮቺ የተባለ ሰው በቶስካና በጋዮሌ ኢን ኪያንቲ «ኤሮይካ» የሚል የጉዞ በዓል ጀመረ። ሐሳቡ ነጩን የኮረኮንች መንገድ ከአስፋልት ማዳን ነበር። የመግቢያ ደንቡ ግን ሌላ ነገር ወለደ፤ ብስክሌቱ ከ1987 በፊት የተሠራ፣ የማርሽ ማንሻው በታችኛው ቱቦ ላይ ያለ፣ የፍሬን ሽቦው ከመሪው ውጭ በአየር ላይ የሚያልፍ፣ ፔዳሉም እግር በቀበቶ የሚያዝበት መሆን አለበት። ዓመቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በ1984 የሺማኖ ባለ ቆጠራ ማርሽና የሉክ መንጠቆ ፔዳል መጥተው ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማርሹ ራሱ ወደ ፍሬኑ እጀታ ገባ። ኤሮይካ በዚህ ለውጥ መካከል መስመር አሠመረ፤ ገበያውም መስመሩን ተከተለ። ያው ቱቦ፣ ያው ባለሙያ፣ ያው ብየዳ ያለበት የ1990 ፍሬም ከ1984ቱ በግልጽ አንሶ ይሸጣል። ለሚነዳ ሰው በእኔ አስተያየት ርካሽ የተባለው የተሻለ ግዥ ነው፤ ለሚሸጥ ሰው ግን የ1986ቱን ዓመት በማስረጃ ማረጋገጥ ገንዘብ ነው።

ብዙ ሻጭ የሚሳሳተው ቀለም ላይ ነው። አባቱ የተወውን ብስክሌት ከምድር ቤት ያወጣና «ትንሽ ላሳምረው» ብሎ ለቀቢ ይሰጠዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚያብረቀርቅ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ያወጣውን ወጪ ግን አያገኝም። ጣሊያኖች «ኮንሰርቫቶ» የሚሉት፣ ጭረቱና የጠፋው ጽሑፉ ሳይነካ የቆየው ብስክሌት፣ ከታደሰው ይበልጥ ይፈለጋል። የፋብሪካ ቀለም አንዴ ከተላጠ አይመለስም። ማጽዳት ይፈቀዳል፤ ለስላሳ ጨርቅ፣ ጥቂት ሰም፣ ክሮሙ ላይ ቀላል ማሻሸት። ከዚያ ያለፈውን ለገዥው ተዉለት። ይህ የማይሠራው ከዚህ በፊት በብሩሽ ተቀብቶ ለተበላሸ ብስክሌት ብቻ ነው፤ እሱን ብታድሱትም ባታድሱትም ብዙ የሚያጣው የለም።

በትንንሽ ነገሮች ላይ ያለው ገንዘብ ያስገርማል። የካምፓኞሎ ምልክት ያለበት የፍሬን እጀታ ጎማ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ያልተነካ ጥንድ ማግኘት ከባድ ነው። በመሪው አንገት፣ በኮርቻው ዘንግና በፔዳሉ ጥርስ ላይ የባለሙያው ስም በመቅረጫ መርፌ ከተቀረጸና ከፍሬሙ ስም ጋር ከገጠመ ዋጋው ይነሳል፤ ካልገጠመ ግን የተቀረጸው ነገር ራሱ ከሳሽ ይሆናል። በ1983 ለካምፓኞሎ 50ኛ ዓመት በሻንጣ የወጣው ቁጥር ያለው ስብስብ ከነሻንጣው ሌላ፣ ያለ ሻንጣው ሌላ ዋጋ አለው። ዴልታ የሚባለው የካምፓኞሎ ፍሬን ደግሞ ውበቱ ከማቆም አቅሙ ይበልጣል፤ ሰው ግን ይሻማበታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ዋጋውን የሚወስን አንድ አሰልቺ ነገር አለ፤ ልክ። ጣሊያኖች ፍሬምን የሚለኩት አብዛኛውን ጊዜ ከፔዳሉ ማዕከል እስከ ላይኛው ቱቦ መካከል ነው፤ ቺኔሊ ግን እስከ ቱቦው ጫፍ ይለካ ነበርና ማስታወቂያ ላይ እንዴት እንደለካችሁ ጻፉ። ከ54 እስከ 57 ያለው ቶሎ ይሸጣል። 62 የሆነ ድንቅ ዴ ሮዛ ረጅም ሰው እስኪመጣ ድረስ ወራት ይቆማል።

እሺ፣ ስንት? በአውሮፓ ገበያ ለዓመታት ተሽጦ ያየሁትን ልናገር። ስሙ ብዙ የማይታወቅ፣ መካከለኛ ዕቃ ያለው የሰማንያዎቹ ብስክሌት ከ200 እስከ 500 ዩሮ አካባቢ ይዞራል። የታወቀ ስም ያለው፣ ኑዎቮ ወይም ሱፐር ሪከርድ ሙሉ ዕቃው የተስማማለት፣ በመካከለኛ ልክ ያለ ብስክሌት ከ1,000 እስከ 2,500 ይደርሳል። ከዚያ በላይ ያለው ማስረጃ ያለው የቡድን ብስክሌት ወይም እጅግ ብርቅ የሆነ ነው። እዚህ ላይ «ተሽጦ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። የተጠየቀ ዋጋ ምኞት ነው፤ በ4,000 ዩሮ ሦስት ዓመት ተለጥፎ የቆየ ማስታወቂያ የሚነግራችሁ ብስክሌቱ 4,000 እንደማያወጣ ነው።

አንዳንዴ ስሌቱ ክፉ ምክር ይመክራል። ስም በሌለው ፍሬም ላይ ሙሉ ሱፐር ሪከርድ ከተገጠመ ዕቃው ተበታትኖ ሲሸጥ ከብስክሌቱ ዋጋ ይበልጣል። ነጋዴዎች ይህን ስለሚያውቁ እየገዙ ይበትናሉ። እኔ የምበትነው ፍሬሙ የተሰነጠቀ ወይም የታጠፈ ሲሆን ብቻ ነው። ይህ የስሜት ጉዳይ ነው፤ በሒሳብ እንደምሸነፍ አውቃለሁ። በሒሳቡም ቢሆን ግን አሥራ አምስት ጥቅል ማሸግ፣ አሥራ አምስት ሰው ማናገርና ማንም የማይፈልገውን ፍሬም ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መቅረት ወጪ ነው።

ለመሸጥ የወሰነ ሰው የፀደይን መጀመሪያ ይጠብቅ፤ የኤሮይካ ተጓዦችም ለኦክቶበሩ ጉዞ ፍለጋቸውን ያኔ ይጀምራሉ። ፎቶው በቀን ብርሃን፣ ከኋላው ባዶ ግድግዳ፣ ሰንሰለቱ ባለበት ጎን ይነሣ። ከዚያ የዓመት ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በቅርብ አንሱ። ጉድለቱን ደግሞ ከጌጡ አስቀድሙ፤ ክሮሙ ላይ ያለውን ዝገት ያሳየ ሻጭ ስለ ቀሪው ሲናገር ይታመናል። ከዋጋው በላይ ቼክ ልኬ ትርፉን መልስልኝ የሚል ገዥ ሲመጣ ስልኩን ዝጉ። በካርቶን የሚላክ ከሆነ ጎማዎቹ ሲወጡ በሹካውና በኋላው አፍ መካከል እንጨት ወይም የፕላስቲክ መደገፊያ ይግባ፤ ይህ ካልተደረገ ከ40 ዓመት ውድድር የተረፈ ሹካ በአንድ የመጋዘን ቁልል ሥር ይታጠፋል።

ቀዩን ብስክሌት ባለፈው ሚያዝያ ሸጥኩት። ማስታወቂያው ላይ ቱቦው ኤስ ኤል እንዳልሆነና ስቲከሯ ከሌላ ቦታ እንደመጣች ጻፍኩ። አንድ ተማሪ በ220 ዩሮ ወሰደው። እርግቧን በጥፍሬ ልላጣት ስል «ተዋት፣ ታምራለች» አለኝ። ተውኳት። ኮርቻውን ለልኩ ሳስተካክልለት ግን ዘንጉን አወጣሁና በቁራጭ ወረቀት «26.4፣ ኤስ ኤል አይደለም» ብዬ ጽፌ፣ ጠቅልዬ ቱቦው ውስጥ ከተትኩና ዘንጉን መልሼ አጠበቅሁት።